ስብከትና መከባበር፦ «በመካከል ያለው ወንዝ» ስለተባለው ልብ ወለድ

«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለውን አነጋገር ከመካከላችን ያልሰማ አይገኝም። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ብዙ ጠብም አብርዷል። ሆኖም በልዩ ልዩ ሃይማኖት ያደጉ ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የሚጠብቁት መምህር ነገሩ በዚህ ብቻ እንደማያልቅ ያውቃል። ሃይማኖት ፈጽሞ የግል ከሆነ ስብከት ምን ሊባል ነው? ክርስትና ወንጌልን ለሌላው ማድረስን ከምእመናኑ የሚጠይቅ ሃይማኖት ነው። እስልምናም የራሱ ጥሪ አለው። አንድ ሰው እውነት ነው ብሎ ያመነበትን፣ ሕይወቴን አቀናልኝ የሚለውን ነገር ለጎረቤቱ ልንገር ቢል ነውር አይሆንበትም፤ እንዲያውም ዝም ቢል ንፉግ ሊባል ይችላል። እንግዲህ ቁም ነገሩ ይሰበክ ወይስ አይሰበክ የሚለው አይደለም። ቁም ነገሩ ሰባኪው በሚሰብክለት ሰው ፊት እንዴት ይቆማል፣ የዚያንስ ሰው እምነት፣ ቤተሰብና ወግ በምን ዓይን ያያል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በታሪክ መልክ ካቀረቡልን የምሥራቅ አፍሪካ ደራስያን አንዱ ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «በመካከል ያለው ወንዝ» ልንለው የምንችለው «ዘ ሪቨር ቢትዊን» የተባለው ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ፤ ከዚያም ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲነበብ ኖሯል። ደራሲው በግንቦት 2017 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ዐርፏል። ስሙ ሲነሣ በብዛት የሚወሳው ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች ያደረገው ክርክርና የደረሰበት እስራት ነው። እኛ ግን ወደዚህ ወደ ቀደመው ሥራው መመለስ መረጥን። ምክንያታችንም መጽሐፉ ስብከት፣ ትምህርት ቤትና የአባቶች ወግ በአንድ መንደር ሲጋጩ የሚያሳይ፣ ዋናው ባለታሪኩም እንደኛው መምህር የሆነ ስለሆነ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩ

የታሪኩ ቦታ በጊኩዩ አገር ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ተረተሮች ናቸው፤ ካሜኖና ማኩዩ ይባላሉ። በመካከላቸው ሆኒያ የተባለ ወንዝ ይፈሳል። ሆኒያ ማለት ፈዋሽ፣ ሕይወት መላሽ ማለት ነው፤ ደርቆም አያውቅም። ሁለቱም መንደሮች ከእርሱ ይቀዳሉ፤ ከብቶቻቸውም ከእርሱ ይጠጣሉ። ይሁን እንጂ ማኩዩ በጆሹዋ ስብከት የክርስቲያኖች ሠፈር ሆኗል፤ ካሜኖ ደግሞ የአባቶች ወግ ጠባቂ እኔ ነኝ ይላል።

ጆሹዋ ነጮቹ ካቋቋሙት ከሲሪያና ሚሲዮን ወንጌልን ተቀብሎ ሲመለስ የቀድሞ ሕይወቱን በሙሉ እንደ ጨለማ ቆጥሮ የጣለ ጽኑ ሰባኪ ነው። ሚስቱ ሚሪያሙ በአገሩ ወግ የተገረዘች በመሆኗ እንኳ አምላኩን ይቅርታ የሚለምን ሰው ነው። ታናሺቱ ልጁ ሙቶኒ አንድ ቀን ለእኅቷ ለኒያምቡራ፣ ልገረዝ ነው ስትል ትነግራታለች። ክርስቶስን ካድሁ አላለችም። የምትሻው ክርስትናዋን እንደያዘች በሕዝቧ ዘንድ እንደ ሙሉ ሴት መቆጠር ነው። ከቤት ወጥታ ካሜኖ ወደምትኖረው አክስቷ ትሄዳለች። አባቷ ከዚያ ወዲህ ልጄ አይደለችም ብሎ ይቆርጣል። ቁስሏ አልድን ስላለ ዋያኪና ሌሎች ሰዎች ተሸክመው ወደ ሲሪያና ሆስፒታል ያደርሷታል፤ እዚያም ትሞታለች። ለእኅቷ የላከችው የመጨረሻ መልእክት ኢየሱስን እንደምታይ፣ ሴትም እንደሆነች የሚገልጽ ነው።

የልጅቷ ሞት ሁለቱን ወገኖች ማስታረቅ ሲገባው አራራቃቸው። አንዱ ወገን የአረማዊነት ፍሬ ነው አለ፤ ሌላው ወግን መካድ ያመጣው ቅጣት ነው አለ። ሲሪያናም ግርዛትን ያልተዉ ወላጆችን ልጆች ከትምህርት ቤቱ አስወጣ። ከወጡት አንዱ የቼጌ ልጅ ዋያኪ ነው። አባቱ የነጮቹን ዕውቀት ቅሰም፣ ክፋታቸውን ግን አትከተል ብሎ ነበር ወደዚያ የላከው። ዋያኪ ማሪዮሾኒ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሕዝቡ «መምህሩ» እያለ አከበረው፤ ትምህርት ቤቶችም በየተረተሩ ተከፈቱ። በዚህ መካከል ካቦንዪ የተባለው፣ ቀድሞ ከጆሹዋ ጋር የነበረና በኋላ የተለየው ሰው፣ ኪያማ በተባለው ሸንጎ አማካይነት የነገድን ንጽሕና እንጠብቃለን እያለ ሕዝቡን በመሐላ ያስተሳስር ጀመር። ዋያኪ የጆሹዋን ልጅ ኒያምቡራን መውደዱ ታወቀ። በመጨረሻው ጉባኤ ካቦንዪ ኒያምቡራን በሕዝቡ ፊት አቁሞ ዋያኪን ካዳት አለው። መምህሩ ሊክዳት አልቻለም። ሕዝቡም ሁለቱን ለኪያማ ፍርድ አሳልፎ ሰጥቶ ወደየቤቱ ተበተነ። መሸ፤ ሆኒያ ግን መፍሰሱን አላቋረጠም።

ከታሪኩ በስተጀርባ

ይህ ታሪክ ከባዶ የተፈለሰፈ አይደለም። በ1929 በማዕከላዊ ኬንያ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን፣ የአፍሪካ ኢንላንድ ሚሲዮንና ሌሎችም በሴት ልጅ ግርዛት ላይ ብርቱ ዘመቻ ከፈቱ። ተቃውሟቸው መሠረት ነበረው፤ የሚሲዮን ሐኪሞች ግርዛት በወሊድ ጊዜ የሚያመጣውን ጉዳት በዓይናቸው የሚያዩ ነበሩና። ነገር ግን ምእመናንና መምህራን ግርዛትን እንደካዱ፣ የጊኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ከተባለው የፖለቲካ ድርጅትም እንደራቁ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። እምቢ ያለ ከቅዱስ ቁርባን ተከለከለ፤ መምህር ከሆነ ሥራውን አጣ፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ቀሩ። በጃንዋሪ 1930 ኪጃቤ በሚገኘው ሚሲዮን ትሠራ የነበረች አንዲት አሜሪካዊት ሚሲዮናዊት በቤቷ ተገድላ ተገኘች። ነገሩ ከክርክር አልፎ እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከሚሲዮኖቹ የወጡት ብዙዎቹ ከክርስትና አልወጡም። የራሳቸውን አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች አቋቋሙ። ከእነርሱም አንዱ ክፍል ውሎ አድሮ ከእስክንድርያ የግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ጋር አንድ ሆነ። መምህር እንዳያጡም በ1939 ጊቱንጉሪ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከፈቱ፤ ኮሌጁ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በቅኝ ገዢው መንግሥት ተዘጋ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች የጠሉት ወንጌሉን ነው ለማለት አይቻልም። የጠሉት ወንጌሉ የቀረበላቸው አኳኋን ነው።

ደራሲው የሁለቱንም ወገን ትምህርት ቤት ከውስጥ ያውቀዋል። በልጅነቱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ማንጉዎ በሚባለው የነፃዎቹ ትምህርት ቤትም ተምሯል። በኋላም ከ1955 እስከ 1958 የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች በኅብረት ባቋቋሙት በአልያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ። መጽሐፉን የጻፈው ገና የማኬሬሬ ተማሪ ሳለ ነው። ምስክርነቱ ክብደት ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

የመጽሐፉ ብርታት

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብርታት ጆሹዋንና ካቦንዪን ጎን ለጎን ማቆሙ ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ ሁለቱ የማይገናኙ ጠላቶች ናቸው። አንዱ በመስቀል፣ ሌላው በነገድ ስም ይናገራል። ነገር ግን ሥራቸውን ስንመረምር አንድ ሆነው እናገኛቸዋለን። ጆሹዋ ልጁን እንደሞተች ይቆጥራታል፤ ካቦንዪ ዋያኪን ከሕዝቡ እንዲለይ ያደርጋል። አንዱ ሥርዐት ካልፈጸማችሁ የመድኃኒት ተካፋይ አትሆኑም ይላል፤ ሌላው ካልማላችሁ የነገዱ ልጆች አይደላችሁም ይላል። ካቦንዪ ከጆሹዋ ጉባኤ የወጣ ሰው መሆኑም በከንቱ አይደለም። ሃይማኖቱን ለወጠ እንጂ ሰውን የሚያይበትን ዓይን አልለወጠም። ደራሲው ሊነግረን የፈለገው ይህን ይመስለናል። ማስገደድ ልብሱን ይቀይራል፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ሸንጎ ይገባል፤ ከሸንጎም ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የፀረ ሚሲዮን መጽሐፍ ብቻ አድርጎ የሚያስተምር መምህር ግማሹን ብቻ አስተምሯል።

ሁለተኛው ብርታቱ ሙቶኒ ናት። ሙቶኒ በታሪኩ ውስጥ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የጠየቀችው እርሷ ብቻ ናት፤ ሁለቱንም መሆን አይቻልምን? የምትል። ይህ ጥያቄ ለሰባኪ ትልቅ ዕድል ነበር። የመጣችው ከጠላት ሠፈር አይደለም፤ ከራሱ ቤት፣ ከራሱ ማዕድ ነው። ወንጌሉን የተቀበለች፣ በተቀበለችው ውስጥ ግን ቦታ ያጣች ልጅ ናት። አባቷ ቢያዳምጣት ኖሮ ምናልባት ሴትነቷ በምላጭ የሚገኝ አለመሆኑን ቀስ ብሎ ሊያስረዳት፣ ከአክስቶቿና ከእኩዮቿ ጋር የምትከበርበትን ሌላ መንገድ አብሮ ሊፈልግላት ይችል ነበር። እርሱ ግን ያወቀው ማዘዝንና ማውገዝን ነው። በመሆኑም ከአደጋው ሊያድናት የሚችለው ብቸኛው ሰው በሩን ዘጋባት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ስለ ሕይወት ውሃ የሚሰብከው ሰው ልጅ በጥም ሞተች።

ሦስተኛው ብርታት በሊቪንግስተን ሰውነት ውስጥ ይገኛል። ሊቪንግስተን የሲሪያና ሚሲዮን ኃላፊ ነው። ደራሲው እንደ ጭራቅ አልሣለውም። ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሚሲዮናውያን የተሻልሁ፣ የሰውን ወግ የማከብር ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ነው። እንዲያውም ጭፈራቸውን ሄዶ ተመልክቷል። የተመለከተው ግን አስደንግጦት ተመለሰ እንጂ የሚጨፍሩትን ሰዎች ቀርቦ ይህ ለእናንተ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። አክብሮቱ እስኪደነግጥ ድረስ ብቻ የቆየ አክብሮት ነበር። በዚህ ዓይነት ብዙዎቻችን ሊቪንግስተንን እንመስላለን። የሌላውን በዓል ከሩቅ እናያለን፤ ምግቡን እናደንቃለን፤ ልብሱን እናመሰግናለን። ከሚያስደነግጠን ቦታ ስንደርስ ግን ጥያቄያችን ያልቃል፤ ፍርዳችን ይጀምራል።

በመጨረሻም የመጽሐፉ አሠራር ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ደራሲው መጀመሪያ ለመጽሐፉ ሊሰጠው ያሰበው ስም «ጥቁሩ መሲሕ» የሚል ነበር። በእርግጥም አስቀድሞ የተነገረለት አዳኝ፣ የራሱ ወገኖች የሚከሱት መምህር፣ ትናንት አክብሮት ዛሬ አሳልፎ የሚሰጠው ሕዝብ፣ እነዚህ ሁሉ ከወንጌል ታሪክ የተቀዱ ናቸው። ትንቢቱን የተናገረው ግን ሙጎ ዋ ኪቢሮ የተባለው የጊኩዩ ባለ ራእይ ነው። ጆሹዋ አንድ ላይ አይኖሩም ያላቸው ሁለት ወንዞች በመጽሐፉ ውስጥ ገጥመው ይፈሳሉ። ዋያኪም ወደ ታሪኩ ማብቂያ ተመሳሳይ አሳብ ያድርበታል። የነጮቹ ሃይማኖት የዘላለም የሆነ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ከላዩ የተጣበቀውን እድፍ አጥቦ ከሕዝቡ ወግ ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል ይላል በልቡ። በልቡ ብቻ ማለቱ ግን ጥፋቱ ሆነ፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

የመጽሐፉ ጉድለት

መጽሐፉን ስላከበርነው ጉድለቱን ልንሸፍን አይገባም።

አንደኛ፣ ጆሹዋ ከውጭ ብቻ ታይቷል። ሲጮኽ፣ ሲያወግዝና ሲጸልይ እናየዋለን፤ ነገር ግን መጀመሪያ ወደ ሲሪያና እንዲሄድ ያደረገውን ፍርሃትና ተስፋ ደራሲው በጥቂት መሥመሮች አልፎታል። አንድ ሰው የአባቶቹን መንገድ ትቶ ሌላ ሃይማኖት ሲይዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእርሱ ውስጥ የተቃጠለ ነገር አለ። ደራሲው ለቼጌ የሰጠውን ያህል ትዕግሥት ለጆሹዋ ቢሰጠው ኖሮ የጠቡ ክብደት ይበልጥ በተሰማን ነበር። ለሌላው እምነት አክብሮት ይኑር የሚል ሰው ሰባኪውንም ማክበር አለበት፤ ሰባኪውም አማኝ ነውና።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉድለት የግርዛቱ ጉዳይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግርዛት የነገድ አንድነት ምልክት ሆኖ ይቀርባል፤ የሙቶኒ ሞትም የሁለት ዓለማት ግጭት ምልክት ይሆናል። ግን ቁስል ምልክት አይደለም። ቁስል ቁስል ነው። ሙቶኒን የገደላት የአባቷ ውግዘት ብቻ አይደለም፤ ምላጩ ነው። በዚህ ነጥብ ሚሲዮኖቹ ያነሡት ተቃውሞ ትክክል ነበር፤ ይህንም ለተማሪዎቻችን በግልጽ መናገር ይገባናል። በኬንያ በ2011 የወጣው ሕግ ግርዛትን ፈጽሞ ከልክሏል፤ በኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንደ ወንጀል ደንግጎታል። ወግን ማክበር ማለት የሴት ልጅን አካል ለጉዳት መተው ማለት አይደለም።

እንግዲህ አንድ አስቸጋሪ ነገር ገጠመን ማለት ነው። ሚሲዮኖቹ በአሳቡ ትክክል ከነበሩ ጥፋታቸው ምኑ ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ጥፋታቸው ትክክለኛውን ነገር የታማኝነት መፈተኛ ማድረጋቸው ነው። በጣት አሻራ እንዲማልበት ባደረጉት ጊዜ ግርዛት የእናቶችና የልጆች ጤና ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ ለባዕድ አልገዛም የማለት ሰንደቅ ዓላማ ሆነ። ሰንደቅ ዓላማ ደግሞ ሲነኩት ይበልጥ ከፍ ይላል። ይህም ማስረጃ አለው። በ1956 በሜሩ ንጁሪ ንቼኬ የተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ከአስተዳደሩ ጋር ሆኖ የሴት ልጅ ግርዛትን በከለከለ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ምላጭ ገዝተው እርስ በርሳቸው እስከ መገራረዝ ደረሱ። ሊያድኗቸው የተነሡት ሰዎች ልጃገረዶቹን ሳያነጋግሩ ስለ ልጃገረዶቹ ወሰኑ። ሕጉ ያስፈልጋል፤ እኛም እንደግፋለን። ሕግ ብቻውን ጆሮ አይሆንም እንጂ።

ስለዚህ ከመጽሐፉ የምንወስደው ትምህርት በሁለት ነገሮች መካከል መለየትን ነው። ሰውን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ የሚያደርገውን ሁሉ መቀበል ሌላ ነገር ነው። ጆሹዋ ድርጊቱን ስለጠላ ሰውዬዋን ጣለ። አንዳንድ የዘመናችን ሰዎች ደግሞ ሰውየውን እናከብራለን በማለት ስለ ድርጊቱ ዝም ይላሉ። ሁለቱም ከድካም የተነሡ ናቸው። አስቸጋሪው መንገድ ከሰውየው ጋር እየኖሩ፣ ማዕዱን ሳይለዩ፣ ይህ ነገር ጎጂ ነው ብሎ ደግሞ ደጋግሞ መናገር ነው።

ከእኛ አገር ጋር ሲተያይ

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ባወጣው ደንብ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በጸናችበት ክፍል ሚሲዮኖች ሆስፒታልና የሃይማኖት ልዩነት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ይችላሉ፤ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስለወጥ ግን አይፈቀድላቸውም። ክፍት በተባለው አገር ደግሞ ሊሰብኩ ይችላሉ። የደንቡ ዓላማ ጠብን ማራቅ ነበር። ይሁን እንጂ ሰዎችን በካርታ ላይ ለየብቻ ማስቀመጥ ሆኒያን አጥር እንደ ማድረግ ነው። ሰው ይነግዳል፤ ይጋባል፤ ለሥራ ይዛወራል፤ ለትምህርት ይሄዳል። ካሜኖና ማኩዩ ዛሬ ያሉት በሁለት ተረተር ላይ አይደለም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ሌላ መንገድ ይዟል። ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ የማምለክና የማስተማር ነፃነት አለው፤ በኃይልም ሆነ በሌላ ዓይነት ማስገደድ ይህን ነፃነት መንካት ክልክል ነው። ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት አላቸው። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። የኬንያም የ2010 ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሃይማኖት እንደማይኖር በአንቀጽ 8 ደንግጎ፣ የእምነት ነፃነትን በአንቀጽ 32 አጽንቷል። ሕጉ እንግዲህ ስብከትን አልከለከለም፤ ማስገደድን ነው የከለከለው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር በየቀኑ የሚጠብቀው ግን ዳኛ ሳይሆን በየክፍሉ ያለ መምህር ነው።

ለክፍላችን

ወደ ዋያኪ እንመለስ። ዋያኪ ቅን መምህር ነበር፤ ጥፋቱም የቅን መምህር ጥፋት ነው። ትምህርት ቤት ከተስፋፋ ጠቡ በራሱ ጊዜ ይበርዳል ብሎ አመነ። ወላጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት በማሪዮሾኒው ትልቅ ጉባኤ ስለ ዕርቅ ሊናገር አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በጭብጨባው መካከል ስለ ተጨማሪ ትምህርት ቤቶች ተናግሮ ስለ ዕርቅ ሳይናገር ወረደ። ሊናገር በቆረጠ ጊዜ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያና ጥቁር ሰሌዳ ብቻቸውን ሰውን አያስታርቁም። ተማሪዎች አንድ ላይ ስለ ተቀመጡ ብቻ ይከባበራሉ ብለን የምናስብ እኛም የዋያኪን ስሕተት እንደግማለን።

ይህን መጽሐፍ የምታስተምሩ ባልደረቦቻችን የሚከተሉትን ብትሞክሩ መልካም ነው እንላለን።

በመጀመሪያ፣ ክርክር ሲደረግ ተማሪው የሚቃወመውን ወገን እንዲወክል አድርጉ። ጆሹዋን የጠላ ተማሪ ስለ ጆሹዋ ይናገር፤ ቼጌን የናቀ ስለ ቼጌ ይናገር። ፈተናውም አንድ ብቻ ነው፤ የዚያ ወገን ሰው ቢሰማው «አዎን፣ የኔን እምነት በትክክል ገልጸኸዋል» ሊል የሚችል ይሁን። የሌላውን እምነት ባለቤቱ በማያውቀው መልክ ሥሎ መምታት ቀላል ነው፤ ክብር ግን የለውም። ይህ ለክርስቲያኑ ስለ ሙስሊሙ፣ ለሙስሊሙ ስለ ክርስቲያኑ፣ ለሁለቱም ስለ ዋቄፈታው ሲናገሩ የሚሠራ ደንብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥልጣናችን ያለበትን ቦታ ለስብከት አናውለው። ሲሪያና የትምህርት ቤቱን በር የእምነት መያዣ አድርጎ ነበር፤ ያተረፈውም ጠላትነትን ነው። ማርክ የምንሰጠው፣ የምናሳልፈውና የምንጥለው እኛ እስከሆንን ድረስ ተማሪው ከእኛ የሚሰማውን የእምነት ጥሪ በነፃነት እምቢ ሊል አይችልም። እምቢ ሊባል የማይችል ጥሪ ደግሞ ጥሪ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ይህ ደንብ ለዳቦ፣ ለመድኃኒትና ለሥራም ይሠራል። ከመማሪያ ክፍል ውጭ፣ በእኩያ መካከል፣ የሚሰማው ሰው ተነሥቶ ሊሄድ በሚችልበት ቦታ ግን መምህርም እንደ ማንም ዜጋ እምነቱን ሊመሰክር መብቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ግርዛት የሚናገረውን ክፍል አትዝለሉት። ብዙ መምህራን ከሐፍረት የተነሣ «ያንን ባህላዊ ሥርዐት» ብለው ያልፉታል። በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡ ልጃገረዶች ግን ነገሩ የራሳቸው ነው። ሕጉን ንገሯቸው፤ የጤናውንም ጉዳት አስረዱ። ከዚያ በፊት ግን ሙቶኒ ምን እንደፈለገች ጠይቋቸው። መልሱን ከአፋቸው ስትሰሙ ስብከት ወዴት መድረስ እንዳቃተው ትረዳላችሁ።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። እምነታችሁን ለጓደኛችሁ መንገር ትችላላችሁ፤ ይህን ስታደርጉ ግን ጓደኛችሁ እምቢ ቢላችሁ በማግሥቱ አብራችሁት ምሳ ትበላላችሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የማትበሉ ከሆነ የፈለጋችሁት ጓደኛችሁን ሳይሆን ቁጥርን ነው።

ንጉጊ ራሱ በ1970 በምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ቆሞ ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ ተናግሯል፤ ጄምስ የሚለውን የክርስትና ስሙንም ከዚያ በኋላ ትቷል። በዚህ ብዙዎች አዘኑበት። እኛ ግን አንድ ነገር ያስደንቀናል፤ ይህን የተናገረው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ነው። የሚነቅፋትን ሰው አቁማ የምታናግር ቤተ ክርስቲያን በ1929 ከነበረው ረዥም መንገድ ተጉዛለች። ወንጌልን የሚሰብክ ሰው እምቢታንም፣ ነቀፋንም ቁጭ ብሎ መስማት ከቻለ በቃሉ ላይ የሚጎድልበት ነገር የለም። መስማት ካልቻለ ግን ከፊቱ ያለውን ሰው ገና አላየውም። መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችን መናገርን ከእኛ ይማራሉ፤ መስማትንም ከእኛ እንዲማሩ እናድርግ።